እምቢ ያልከው ክለብ

ዳኒዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። እኛ ፍራንክፈርት፣ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር እዚያው ቤት ነን። ናሆም ትከሻዬ ደርሷል፤ ጥርሱ ተጣሞ ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ይዤለታለሁ፤ በአማርኛ ስጠይቀው አሁንም በጀርመንኛ ነው የሚመልስልኝ። እኔም ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ አጸዳለሁ። ኮትህን ለጎረቤታችን ለአቦይ ተስፋይ ሰጠሁ፤ እጅጌው ረዘመባቸው እንጂ ደስ ብሏቸዋል።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው።

በአያትህ ጣሊያንነት ፓስፖርት ስታገኝ፣ ጣሊያን ሄጄ ሁለት ዓመት ብቻ ኳስ ተጫውቼ እመለሳለሁ ብለኸኝ ነበር። ሰኔ በመጣ ቁጥር ውልህ ያልቃል፤ አንተም ሻንጣህን ይዘህ ስሙን ሰምቼ ወደማላውቀው ሌላ ከተማ፣ ሦስተኛ ዲቪዚዮን፣ ሲብስም አራተኛ። ለገና መጥተህ ከናሆም ጋር በረዶ ላይ ኳስ ስትጫወቱ በመስኮት አያችሁ ነበር። ጫማችሁን ሳታወልቁ ትገባላችሁ፣ እቆጣለሁ፣ ትስቃላችሁ። ያን ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ፣ አልዋሽም።

እሁድ ማታ በስልክ ካርድ ስትደውል፣ እዚህ አቅራቢያ ክለብ ፈልግ እልህ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈውን የመስመር ተመላላሽ ማን ይፈልጋል ትለኛለህ። አመንኩህ። ለአምልኮ በተከራየነው አዳራሽ እሁድ እሁድ ተነስቼ፣ ለባለቤቴ እዚህ በር እንዲከፈትለት ጸልዩልኝ አልኩ። እህቶች ረቡዕ ረቡዕ አብረውኝ ጾሙ፤ ከፈረቃ ወጥተው፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ላንተ።

ከጨዋታ ስትመለሱ መኪናችሁ ተገለበጠና ሄድክብኝ። ለቅሶህ ላይ የቡድናችሁ በረኛ ከጣሊያን ድረስ መጣ፣ እግዜር ይስጠው። ስለ ሟች መልካም መናገር ወግ ነውና እሱም ተነሳ። አቦይ ተስፋይ የአስመራ ጣሊያንኛቸው አልጠፋባቸውም፣ ይተረጉሙልን ጀመር። ሰውየው ለቡድኑ የነበረህን ፍቅር ሊያወድስ ብሎ፣ ከፍራንክፈርት አጠገብ ያለ ክለብ ሁለቴ ጠይቆህ ሁለቴም እምቢ እንዳልክ ተናገረ። እዚህ ተጠባባቂ ትሆናለህ ስላሉህ፣ እነሱ ጋ ቋሚ ተሰላፊ ሆነህ መቅረትን መረጥክ። አቦይ የሚሉት ነገር መሀል ላይ ገባቸውና ድምፃቸው ወረደ፤ ግን አንዴ ጀምረውታል፣ ጨረሱት። የጾሙልህ ሴቶች በሙሉ እዚያ ነበሩ። አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም።

ምነው ዳኒ? እውነቱን ብትነግረኝ እጣላህ ነበር፣ አኮርፍህም ነበር፤ ከዚያ ይወጣልኝ ነበር። ምን በድዬው ነው የማይሰማኝ እያልኩ ፈጣሪዬን ስንቴ አማረርኩት። ለካ ሰምቶኛል። በሩንም ከፍቶልኛል። የዘጋኸው አንተ ነህ።

ናሆም ይህን አልሰማም፤ ያን ቀን ከልጆች ጋር ውጪ ነበር። ባለፈው ሳምንት፣ አባባ ጥሩ ተጫዋች ስላልነበረ ነው እዚህ ያልወሰዱት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ነበር፣ ፈልገውትም ነበር ብዬ ብመልስለት፣ ታዲያ ለምን አልመጣልንም ሊለኝ ነው። ዐይኑን እያየሁ፣ አዎ ልጄ፣ አባትህ ሞክሮ ነበር፣ አልሆነለትም አልኩት። አንገቱን ነቅንቆ ወደ ክፍሉ ገባ።

ስለዚህ እዚህ ቤት ውስጥ ምን ያህል ጎበዝ እንደነበርክ የሚያውቅልህ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አልረሳውም። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

የልጅህ እናት