አንዲት «አይቻልም» ስለመለመን

ለተከበሩ የአካባቢያችን የመሬትና ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ያቺ የምትሽከረከረው ወንበርዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር፣ በገዛ ሱቄ በርና አልጋ የምሠራው አናጢ ነኝ። መንገዱ ሲሰፋ ሱቄ ይፈርስ እንደሆነ ለመጠየቅ ከመመላለሴ የተነሣ ዘበኛዎ እንደ ዘመድ ለምዶኝ መታወቂያ መጠየቁን ትቷል። እርስዎም አንድ ቀን ፊት ነስተውኝ አያውቁም፤ ሁልጊዜ ፈገግ ብለው «እናያለን» ይሉኛል። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ያንን ፈገግታ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፤ ጣሪያዬ ያፈሳል። ይፈርሳል ቢሉኝ ሌላ ቦታ እፈልግ ነበር፤ አይፈርስም ቢሉኝ በማግስቱ ቆርቆሮውን እቀይር ነበር። እርስዎ ገና እያዩ ስለሆነ፣ ትቼ ብሄድ ደግሞ ምትክ ቦታ ያመልጠኛል ብዬ ስለፈራሁ፣ ሳልጠግንም ሳልለቅም ከርሜ ለበር ያደረቅሁት ጣውላ በዝናብ ተጣሞ ቀረ። የተጣመመ በር ሲያገለግል ያየሁት እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሲዘጋ ደህና ነው፣ የሚያስቸግረው ሲከፈት ነው።

ሁለተኛ፤ ታናሽ ወንድሜ በሌላ ከተማ ይህንኑ ሙያ ይሠራል። ቤተሰቡ ከልጅነቱ ጀምሮ «ችኩሉ» ይለዋል። የዚያ ከተማ ኃላፊ ሰላምታ እንኳ የማያውቅ ባለጌ ነው አሉ፤ ወንድሜ ገና ወንበር ሳይስብ «ይፈርሳል፣ ቦታ ፈልግ» ብሎ አሰናበተው። ወንድሜ እየተሳደበ ወጣ፤ እየተሳደበ ሌላ ቤት ተከራየ፤ እየተሳደበ ማሽኖቹን አጓጓዘ፤ ይኸው ዛሬ ሰው ቀጥሮ ያሠራል። ሰዉ እሱን ቆራጥ፣ እኔን ፈሪ ይለናል። አንድ እናት የወለደችን፣ አንድ አባት መጋዝ ያስያዘን ልጆች ነን፤ ልዩነታችን እሱ ክፉ ቃል፣ እኔ መልካም ፈገግታ ማግኘታችን ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ባልጽፈው በወደድኩ። የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የክፍሎቹን ዴስክ በሙሉ ሊያሠሩኝ መጥተው «ሥራው እስኪያልቅ ሱቁ ይቆያል ወይ?» አሉኝ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ «እኔም አላውቅም» አልኳቸው፤ ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ያን ዕለት ባለቤቴ «ለመሆኑ የዛሬ ዓመት የት ነን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ አባወራው ባልዲ አንሥቼ ወደሚያፈሰው ሱቄ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ምንም አትጠይቀኝም።

አራተኛ የለም፤ ደክሞኛል።

ስለዚህ ወሰንኩ፤ ደስ ይበልዎ። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ታናሽ ወንድሜ ዘንድ ተቀጥሬ እገባለሁ። «ጋሼ» እያለ ያደገው ልጅ አለቃዬ ሊሆን ነው። በስልክ «ጋሼ፣ እንደ ራስህ ቤት ቁጠረው» ሲለኝ ቶሎ ዘጋሁት።

ስለ ፈገግታዎ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ቁርጡን ባለመንገር ስላሳዩኝ ርኅራኄ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ጉዳዮቻችንን ሁሉ የሚያዩበት ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ ከልብ የምመኝ፣

የቀድሞው የመንገድ ዳር አናጢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት አንድ ልብስ ሰፊ ሱቄን ሊከራየኝ መጣ። የመቁረጫ ጠረጴዛውን የት እንደሚያቆም በክንዱ እየለካ ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ኪራዩን ባልጠላውም፣ ወደ እርስዎ ልኬው «እናያለን» ሲባል ታየኝና አንጀቴን በላው። «እዚህ አይሆንህም» አልኩት። አኩርፎኝ ሄደ፤ ዛሬ ጠዋት ከታች ሰፈር ቤት አግኝቶ ማሽኑን ሲያወርድ አየሁት። ክቡርነትዎ፣ «አይሆንህም» ማለት ማኅተምም በጀትም አልጠየቀኝም። እኔ ግን ይህን የሚለኝ ሰው አጥቼ ሱቄን አጣሁ።