ኑማንን ለዚያች መርከብ አትስጥብኝ

ውድ አባዬ፣

በአላህ ይሁንብህ ዛሬን እመነኝ። ዛሬን ብቻ እመነኝና ከዚህ በኋላ ዕድሜ ልኬን ውሸታም በለኝ። ጠዋት ስደውልልህ «ወንዶች ሥራ ሲነጋገሩ አትጥሪኝ» ብለህ ዘጋህብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ብሞክር ብሞክር አታነሳም። አብሮህ ያለው ወንድሜ ኑማን ደግሞ ስልኩን ለጉዞ ሻንጣ ብሎ ሸጦታል። ስለዚህ ይችን ጽፌ ለጀልበኛው ለኸድር ልሰጠው ነው፣ ማዶ ጠርጡስ ከተማ ካፌው ድረስ ሄዶ እጅህ ላይ ያኖራታል። ጽሑፌ አያምርም፣ ከአራተኛ ክፍል ያስወጣኸኝ አንተው ነህ፣ ግን አንብባት። ደላላው አቡ ገይስ አጠገብህ ካለ ሽንት ቤት ገብተህ አንብባት።

በፊትም ጀልባችን ውሃ ታስገባለች ስልህ «የደሴት ልጅ ውሃ ትፈራለች» ብለህ ሳቅህብኝ፣ መሀል ባሕር ላይ እማዬ በማንቆርቆሪያ ውሃ ስትቀዳ ሳቅህ የት ገባ? ያኔም እኮ «ሀናዲ ልክ ነበረች» አላልክም። አሁንም አትበል። ብቻ ኑማን ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የመርከቧን ወረቀት እንዳይፈርም።

ትናንት ጎረቤታችን ኡም ሸሂር ልጄ ሸሂር ከባሕር ተመለሰልኝ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ የሙሸበክ ጣፋጭ ስታድል፣ ትልቁን ሳህን ለእኛ ላከች። ለማንም ያን ያህል አልላከችም። እማዬ ጣቷን እየላሰች «ጎረቤት እንዲህ ነው» አለች። እኔም በላሁ። ዛሬ ጠዋት ሳህኑን ልመልስ ስሄድ ሸሂር ብቻውን በሩ ላይ ተቀምጧል። አባዬ፣ ብታየው አታውቀውም። ያ በር የማይበቃው ሰውዬ ልብሱ ውስጥ ጠፍቷል።

«ሙሸበኩን በላችሁት?» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

«በላነው፣ የእናትህ እጅ ይባረክ።»

«እኔ አልዋጥልህ አለኝ። የወንድምሽ ነው እኮ ሀናዲ። በኑማን የመጣ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አቡ ገይስ ለኑማን አገኘሁለት ያለህ መርከብ ሸሂር የከረመባት ናት። ያችው ራሷ። ባለቤቷ ዕዳ ሲያንቀው የሰው አገር ወደብ ፊት ለፊት ጥሏት ጠፋ፣ መርከበኞቹም አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ገቡ። የዚያ አገር ፍርድ ቤት ግን መርከብ ባዶዋን አትቀመጥም ይላል፣ አንድ ሰው ጠባቂዋ እኔ ነኝ ብሎ መፈረም አለበት። ከፈረመ አለቀለት። ፓስፖርቱን ይይዙበታል፣ እሷ እስክትሸጥ ወይ እስክትሰምጥ አይወርድም። ሸሂርም ሹመት መስሎት ነው የፈረመው። መብራት የለ፣ ምግብ የለ፣ የዝናብ ውሃ በባልዲ እያጠራቀመ፣ የሚያልፉት መርከቦች ዳቦ እንዲወረውሩለት አንሶላ እያውለበለበ ስንት ክረምት ከረመ።

«ታዲያ እንዴት ለቀቁህ?» አልኩት።

«ተተኪ ተገኘ አሉኝ።»

ተተኪው ኑማን ነው። ሳህኑን እዚያው በሩ ላይ አኖርኩት።

ኡም ሸሂር ከውስጥ ሰምታ ኖሮ እየተንደረደረች ወጥታ ክንዴን ጨመደደችኝ። «ስሚ አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ! የኔ ልጅ አልቋል። ያንቺ ወንድም ገና ጎረምሳ ነው፣ ይችለዋል።»

«ጎረምሳ ስለሆነ ነው እንዴ የምትበሉት?» አልኳት።

«እኔ ምን በላሁ? አባትሽ አይደል እየለመነ የሰጠው!»

የጥፍሯ ምልክት አሁንም ክንዴ ላይ አለ። ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ የአቡ ገይስ አማች፣ ያ እኛ ሰፈር ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው፣ በራችን ላይ ቆሞ ጥርሱን እያሳየ «ሀናዲዬ፣ አባትሽ ጋ ደወልሽ እንዴ?» ይለኛል። እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

ግን ልናገር፣ ተቆጣኝ። አንተ ዕድሜህን መርከብ ላይ የጨረስክ ሰው አንድ ጥያቄ አትጠይቅም? በኛ ደሴት በአርዋድ አዲስ ልጅ መርከብ ሲገባ ምን ይሰጡታል? መጥረጊያና የዝገት መፋቂያ ነው። አንተ ራስህ መጀመሪያ ስትወጣ ሽንኩርት ብቻ ስትልጥ እንደነበር እየሳቅህ አይደል የምትነግረን? ታዲያ ማዕበል አስመልሶት የማያውቅን ልጅ ሙሉ መርከብ አደራ የሚል ማነው? ለምን ይለዋል? አቡ ገይስ «ከካፒቴን ቀጥሎ ነው» ሲልህ ደረትህን ነፍተህ ለካፌው ሁሉ ሻይ ጋበዝክ አሉ። የልጅህን እስር ቤት ነው የመረቅኸው! አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለአባት እንዲህ አይባልም፣ ግን ተቃጠልኩ።

ኑማንም እንቢ አይልህም። ትናንት የባሕር ቦቲውን ሲሞክር «ይጠበኛል» አለኝ። «ታዲያ ቀይረው» ስለው «አባዬ ሲገዛልኝ ደስ ብሎት ነበር» አለኝ። ያ ልጅ እንዲህ ነው። ጫማ እንቢ ያላለህ መርከብ እንቢ ይልሃል?

በወጋችን የልጁን የባሕር ፓስፖርት ለቀጣሪው የሚያስረክበው አባት ነው፣ አባት በእጁ ካልሰጠ ማንም አይወስደውም። ስለዚህ አሁን ኪስህ ውስጥ ነው ያለው። እዚያው ይቅር። ሌላ ምንም አልልህም፣ እጅህን ኪስህ አታስገባ።

ሰው ፊት ቃሌን አላጥፍም እንደምትል አውቃለሁ። እኔ ላይ አሳብበው። ልጄ ሞተች በላቸው። ለቀብር የሚነሳን አባት ማን ያስቆመዋል? ኑማንን ይዘህ ጀልባ ላይ ውጣ፣ ነገ ደሴቱ ሁሉ በቁሜ ይሳቅብኝ፣ እችለዋለሁ። የሸሂርን ስም ግን አታንሳ። እሱም እንዳይመልሱት ይፈራል፣ ፈርቶም ነገረኝ። ለእሱም ቢሆን አብረን እንጮህለታለን፣ በኑማን ግን አንለውጠውም።

ኸድር ሞተሩን አስነስቶ እየጠራኝ ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ የኑማንን ካልሲ እየጠቀለለች ታንጎራጉራለች፣ እንዴት ብዬ ልንገራት? ይችን ሰጥቼው ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፣ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ነው። የካፌው መብራት ሲበራ ከማዶ ይታየኛል። ሳይበራ ደውል። ልታናግረኝ ካልፈለግህ አታናግረኝ፣ ስልኩን ለኑማን ስጠውና «ሀናዲ፣ እየመጣን ነው» ይበለኝ።

አባዬ፣ ሳይመሽ ደውልልኝ።

ልጅህ ሀናዲ