«ቅርብ» ስለተባለችው መንደራችን

ይድረስ፣ ሩቁን ቀበሌ ከቅርቡ ለይተው ለሚመድቡልን፣ ወልድያ ላሉት የተከበሩ የጤና ኃላፊ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ መኪናዎንም ከጭቃ ይጠብቅልዎ። እኔ ከግራና ከተማ ማዶ፣ ከጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቄ የምኖር ገበሬ ኑርሁሴን እንድሪስ ነኝ። መንደራችንን «ቅርብ» ብለው ስለመደቡልን ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ እወዳለሁ፤ እዚህ ተወልደን ስናረጅ ቅርብ መሆናችንን ሳናውቅ ኖረናልና።

አንደኛ፣ ከምደባው ወዲህ ለሩቅ ቀበሌዎች ብቻ የሚላከው ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን እኛ ዘንድ መምጣቱን ስለተወ፣ እንግዳ ከማስተናገድ ድካም አሳርፈውናል። ነፍሰ ጡሮቻችንም በቃሬዛ ሆነው አገር እያዩ ይወርዳሉ።

ሁለተኛ፣ የነዋሪን ቃል ስለሚያከብሩ እናመሰግናለን። መረጃ ሊሰበስቡ የመጡትን ሁለት ባለሙያዎችዎን ዳገቱ ወገብ ላይ ደክመው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ምን ያህል እንደቀራቸውም ጠየቁኝ። እኛ ዘንድ ለደከመ መንገደኛ ሩቅ ነው አይባልም፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ስለዚህ አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል፣ ቅርብ ነው አልኳቸው፤ በበቅሎዬም እያፈራረቅሁ አደረስኳቸው። እነሱም ያልኩትን እንዳለ ላኩልዎ።

ሦስተኛውን ቅሬታ በማን ላይ እንደምጽፈው ግን ቸግሮኛል። ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ነሲባ ምጥ ጠናባት፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ቁልቁለቱ ላይ እጅጌዬን ይዛ፣ «አያ ኑርሁሴን፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሩቅ ነው?» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ቅርብ ነው» አልኳት።

ሕፃኑን ግራና ሳንደርስ አጣነው። እሷ ተርፋለች፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባየኋት ቁጥር ግን መንገድ እቀይራለሁ። እርስዎን ልወቅስ ብዕር ባነሳም፣ የጥፋቱ ግማሽ የእኔ አፍ ነው፤ ይህን መደበቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ለባለሙያዎችዎ የሰጠሁትን ቃል ሰው ሁሉ እየሰማ እሽራለሁ። መንደራችን ሩቅ ናት፣ ክቡር ሆይ፤ በጣም ሩቅ ናት።

ስለ ቅርበታችን ውለታዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የቅርብ ሰውዎ
ኑርሁሴን እንድሪስ

ማሳሰቢያ፦ ለማጣራት ራስዎ ቢመጡ ደስታችን ነው። በቅሎዋን ግን አልሰድልዎትም። ዳገቱ ላይ ደክመው ካገኘሁዎትና ስንት ቀረኝ ካሉኝም፣ እውነቱን እነግርዎታለሁ።