የመሪጌታ ጥላና የማውሱ ጎማ

ቅዳሜ፣ የካቲት 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ለሚመለከተው ሁሉ። የት/ቤታችን ኮምፒዩተር ማውስ ከረጅም ሕመም በኋላ ዛሬ ጠዋት በመምህራን ክፍል ዐርፏል። ሥርዓተ ቀብሩ አይፈጸምም፤ አስከሬኑን እኔ የፊዚክስ አስተማሪው ወስጄዋለሁ።

ክቡር ደብተር፣ ሆዱን ከፈትኩት። ጉድ! አንዲት ኳስ፣ ሁለት ቀዳዳ በቀዳዳ የሆኑ ትንንሽ ጎማዎች። ጎማዋ ስትዞር ብርሃን ያልፋል፣ ይቋረጣል፣ ያልፋል፣ ይቋረጣል። ማዶ ያለችው ዐይን ትቆጥራለች። ይኼ እኮ ኢንኮደር ነው! ዘንግ ምን ያህል እንደዞረ የሚናገር! አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የላከልኝ ማይክሮኮንትሮለር የሚሉት ትንሽ ኮምፒዩተር ከገና ጀምሮ በካልሲ ተጠቅልሎ ሥራ ፈትቷል። እንግዲህ ተቀጥሯል።

ቅጥሩ ለአጎቴ ለመሪጌታ ነው። የደብራችን ሰዓት እሳቸው ናቸው። በዐቢይ ጾም ለዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ደወል የሚመታው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ጥላቸውን በጫማ ለክተው «ደርሷል» ሲሉ ነው። ዘንድሮ ዐይናቸው ደከመ። የጥላው ጫፍ ይደበዝዝባቸዋል። የሰበካ ጉባኤው ሊ/መንበር አቶ ካሳ የግድግዳ ሰዓት ይዘው መጥተዋል፤ መሪጌታን እናሳርፋቸው ይላሉ። ዐይናቸው እንጂ እሳቸው መች ደከሙ! ጉባኤው የሚወስነው በቅበላ እሑድ፣ የካቲት 23።

ዕቅዴ፦ ቀጥ ያለ ሸንበቆ በሚዞር ክንድ ላይ፣ በክንዱ ዘንግ የማውሱ ጎማ፣ ከግርጌው ብርሃን የምታውቅ ዐይን። መሪጌታ ክንዱን ወደ ፀሐይ ያነሣሉ። ብርሃን በሸንበቆው ሲወርድ፣ መሣሪያው ማዕዘኑን ወደ ጫማ ቀይሮ በጫማው ቁጥር ልክ «ጢጥ» ይላል። ጆሯቸው ምንም አልሆነ። ዲያቆን ዜማ ሲስት ከሦስት ቤት ማዶ ይሰማሉ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሳይንስ በመረጃ ይጀምራል። በእጅ ሰዓቴ ልክ ዘጠኝ ላይ መሪጌታን ከደጀ ሰላሙ ውጪ አገኘኋቸው። በወሬ ያዝኳቸውና ጥላቸውን በአዲሱ ቡትስ ጫማዬ ለካሁ። ስድስት። እሳቸው በዚህ ሰሞን ዘጠኝ ሰዓት ስምንት ጫማ ነው ይላሉ። መሪጌታ ሁለት ጫማ ተሳስተዋል!

ደግሞ ምላሴ አላረፈችም፤ በሩ ላይ ለአቶ ካሳ ነገርኳቸው። ሳቁ። ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ጻፉት። መጻፋቸው ደስ አላለኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ሠራ! ሠራ! ሠራ! ፕሮግራሙን ያለ ማውስ በኪቦርድ ብቻ ጻፍኩት፤ ሟቹን ለማክበር። የጎማዋ ቀዳዳ 36። ማዶ ያለችው ዐይን ለካ መንታ ናት፤ ሁለቱ ተራ በተራ ስለሚያዩ ወዴት እንደዞረች ይለያሉ፤ ቆጠራውም በአራት ይባዛል። በአንድ ዙር 144፣ ማለት እርምጃው ሁለት ዲግሪ ተኩል። ሸካራ ናት፤ ግን የእኔ ናት። የሰውን ቁመት መሪጌታ «ሰባት ጫማ» ስላሉኝ፣ ለምን ሳልል ሰባትን አስገባሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ውርደት። መሪጌታ ክንዱን አነሡ፣ ሰሙ፣ ተደሰቱ። ከዚያ የባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅ ብለው አጠፉት። (እኝህ ሰው የጧፍ ቁራጭ አይጥሉም።) መልሰው ሲያበሩት ክንዱ እንደተነሣ ነበር። የማውሱ ጎማ ለካ መቁጠር እንጂ የት እንደነበረች ማስታወስ አታውቅም። እንደ አዲስ ሹም ሁሉን ከዜሮ ትጀምራለች። ፀሐይ ገና አድማስ ላይ ናት፣ ጥላው መጨረሻ የለውም ብላ፣ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ጢጥ...

መሪጌታ ጥቂት ታገሡ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ምሕላ ገባ እንዴ?»

ለወንድሜ ስልክ ደወልኩ። ቢጠፋም ቢበራም ቦታውን የሚያውቅ ኢንኮደር አለ አለኝ፤ በየማዕዘኑ የተለየ ምልክት ያለው። ግን ከውጭ ነው የሚታዘዘው፤ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል። ጾሙ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው! አዲሱን ጠብቄ ላስታጥቃቸው? ወይስ መሪጌታን አታጥፉት ብዬ ልለምን? ፀሐይን አትጥለቂ ብዬ መለመን ይቀለኛል።

ዓርብ፣ የካቲት 21፣ ከሰዓት

ክቡር ደብተር፣ ተነሥ! የሞተው ሬድዮዬ የድምፅ መጨመሪያ! ያ የሚዞር ቁልፍ! አጥፍተህ ስታበራው ድምፁ የተውክበት ላይ አይደል የሚገኘው? ቦታውን ያውቃል! ሙሉ ዙር አይዞርም፤ አይዙር። ፀሐይ ከአድማስ እስከ አናት ሩብ ዙር ብቻ ናት። የዲግሪ ሩብ ያህል እንኳ ይለያል። ከጊዜ በኋላ ያልቃል፣ ይንኮሻኮሻል፤ ያኔ ሌላ ሬድዮ ይሞታል።

ገጠምኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሪጌታ አነሡት፣ አጠፉት (አይተውም!)፣ አበሩት። ስምንት ጢጥ። ደግመው አጠፉት፣ አበሩት። ስምንት።

እኔ ግን አዘንኩ። ስድስት ማለት ነበረበት፤ በጫማዬ የለካሁት እኮ ስድስት ነው። ማሽኑም እንደ እርስዎ ይሳሳታል አልኳቸው፤ የየካቲት 4ን ነገር ተናዘዝኩ።

ቡትሴን አዩ። የራሳቸውን ትንሿን ኮንጎ ጫማ አዩ። «የማንን ጥላ ነው የለካኸው?» የእርስዎን አልኩ። «በማን እግር?»

አንድ እግሬን ከሌላው ኋላ ደበቅኩ።

በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፣ ከዚያ በሳቅ ፍርስ አሉ። ረጅም ሰው ጥላውም ረጅም፣ እግሩም ረጅም፤ የሁሉም ቁመት በራሱ እግር ሰባት ነው፤ ሌላውን በራስህ ጫማ አትለካም፤ ይህን የቆሎ ተማሪ ያውቃል፣ ፊዚክስ አስተማሪ አያውቅም አሉ።

እሑድ፣ የካቲት 23፣ ቅበላ

ጉባኤ። አቶ ካሳ ያንን ወረቀት አወጡ፤ የወንድማቸው ልጅ ራሱ መስክሯል አሉ። ተነሣሁ። ሁሉን ተናገርኩ፣ ቡትሱን ጭምር አሳየሁ። ቤቱ ሳቀ፤ አቶ ካሳ አልሳቁም። በደጅ የዘራኸውን ሐሜት በደጅ ታነሣዋለህ አሉኝ። ተወሰነ፦ መሪጌታ ከሬድዮ ቁልፋቸው ጋር በቦታቸው ይቀጥላሉ፣ ሰዓቱ ዕቃ ቤት ይገባል፤ እኔ ነገ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት የሚከተለውን አነባለሁ።

እርማት። በየካቲት 4 ቀን በዚህ ደብተርና በደብሩ በር ላይ «መሪጌታ ሁለት ጫማ ተሳስተዋል» ተብሎ የተገለጸው «የወንድማቸው ልጅ ሁለት ጫማ ተሳስቷል» ተብሎ እንዲታረም። ጥላው የመሪጌታ ነበር፤ ጫማው ግን የጸሐፊው፣ ቁጥር 44።