የጋሽ ፍቃዱ ቦይ

ግንቦት 19 ቀን 1998
በወረዳው ቢሮ የክረምት ጎርፍ ዝግጅት ስብሰባ። እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው... ጆንያ ስንት፣ ብርድ ልብስ ስንት፣ ድንኳን ስንት። አለቃዬ አቶ ሀብተሥላሴ "ሌላ አጀንዳ አለ?" አሉ። ሰው ሁሉ ሰዓቱን አየ። እኔም አየሁ። ለምን አልተናገርኩም?

ግንቦት 24
ከቦንጋ በእግሬ ወንዙ ዳር ወዳለው ታችኛው ሰፈር ወረድኩ። እትዬ ተሾመች አልጋቸውን በድንጋይ ከፍ ሲያደርጉ አገኘኋቸው። አምና ጎርፉ ባላቸውን ወስዶባቸዋል።
"ልጄ፣ ብርድ ልብሱስ አልጠፋም። ውሃው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚፈጥነው? ድሮ ሲሞላ እኮ ከብት የምናስወጣበት ጊዜ ይሰጠን ነበር።"
መልሱን አውቀዋለሁ። አልነገርኳቸውም።

ግንቦት 25
እዚህ እንኳ ልጻፈው። ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ይለቅ የነበረው ከላይ ያለው ረግረግ ነው። በ1991 የልማት ሠራተኛ ሆኜ ስመጣ "መሬቱ በከንቱ ተኝቷል፣ ቦይ ቆፍራችሁ አጠንፍፉት" ያልኩ እኔ ነኝ። ባለመሬቱ ጋሽ ፍቃዱ አምነውኝ ቆፈሩ። በቆሎው ከሰው ቁመት በለጠ። ሞዴል አርሶ አደር ተብለው ተሸለሙ፤ እኔም እድገት አገኘሁ። ወንዙ የከፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰኔ 3
ወደ ጋሽ ፍቃዱ ማሳ ሄድኩ። በቆሎው አብቧል። "ጋሽ ፍቃዱ፣ ቦዩን ብንደፍነው..." ስል ዶማቸውን አስቀመጡ።
"ያኔ ክፈት አልሽኝ። አሁን ዝጋ ትይኛለሽ። ከሰባት ዓመት በኋላስ ምን ልትይኝ ነው?"
እጃቸውን ወደ በቆሎው ዘረጉ።
"ስድስት ነፍስ ነው የማበላበት" አሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ሰኔ 11
ለአቶ ሀብተሥላሴ ነገርኳቸው። ተነሥተው በሩን ዘጉት። "ሰብሌ፣ የራስሽን ሪፖርት ልታፈርሺ? ግምገማ ላይ ምን እንደሚጠብቅሽ ታውቂያለሽ?"
አውቃለሁ።

ሰኔ 22
ዝናብ። ዝናብ።

ሐምሌ 2
የቀበሌ ስብሰባ። እጄን አወጣሁ። "ቦዩን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጋሽ ፍቃዱ አይደለም።"
እትዬ ተሾመች ተነሡ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ... እኔን ዞር ብለውም አላዩኝ። ለጋሽ ፍቃዱ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ተናገሩ። ግማሹ ነው የገባኝ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ተረጎመልኝ፦ "ዳገት ላይ ያለውን ጦም ያደረ መሬትህን እኛ በደቦ እንቆፍርልሃለን። አንተ ውሃውን ያዝልን።"
ጋሽ ፍቃዱ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወጡ።

ሐምሌ 9
የጋሽ ፍቃዱ ድምፅ የለም። ወንዙ አፋፉን ለማለፍ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ያስገድዷቸው ብዬ ለቀበሌው ልጻፍ? አንዴ አሳስቼ፣ ደግሞ ላስገድድ?

ሐምሌ 11
ጠዋት ስደርስ ጋሽ ፍቃዱ ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቦዩን ለመድፈን ግንድ ይተክላሉ። ብቻቸውን።
"ምን ታያለሽ? አፈር አቀብይኝ!"
ከሰዓት በፊት ከታች ሰፈር ሃያ የሚሆን ሰው መጣ። ገሚሱ እሸቱን ለቀመ፣ ገሚሱ አፈር ተሸከመ። የደረሰው ተለቀመ፤ ያልደረሰው ግን ብዙ ነበር። ውሃው በቆሎው ሥር ሲገባ ጋሽ ፍቃዱ ፊታቸውን አዞሩ።

ነሐሴ 4
ሬዲዮው የድሬዳዋን ጎርፍ ያወራል። እዚህም ሦስት ቀን አላባራም። ታች ሰፈር ወረድኩ። ወንዙ ሞላ... ግን ቀስ ብሎ። ሰዉ ከብቱን አስወጣ። ሁለት ቤት ከአፋፉ ጋር ተንዶ ወረደ፤ ሰው አልነበረበትም። እትዬ ተሾመች ደጃፍ ላይ ውሃው ደረሰና ቆመ። አብረን ቆመን አየነው። እጄን ይዘውኝ ነበር፤ መቼ እንደያዙኝ አላውቅም።

መስከረም 8 ቀን 1999
ግምገማው አለቀ። ከቢሮ አንሥተው ወደ ቀበሌ መልሰውኛል። ይሁን።
ዳገቱን ወጣሁ። ታችኞቹ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ መሬቱ ተገልብጦ ጠቁሯል። ጋሽ ፍቃዱ አፈሩን በእጃቸው ያደቅቃሉ።
"እሺ፣ እዚህስ ምን ልዝራ?"
በፊት ቢሆን መልሱ አፌ ላይ ነበር።
"አላውቅም፣ ጋሽ ፍቃዱ። እርስዎ ምን ይላሉ?"
ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ኩታቸውን ድንጋይ ላይ አነጠፉና "በይ ቁጭ በይ" አሉኝ።