ሁለት እጅ ሙጫ፣ አንድ እጅ ማድረቂያ

ጥቅምት 9 ቀን 1979

ማለዳ በርበሬ ላሰጣ ወጣሁ። ልጄ ቸኮል ዘመቻ ሲሄድ ግቢው ውስጥ ሳይጨርሰው የተወው ጀልባ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ጀርባው ለማስጫ ይመቻል። የቀበሌው አቶ ሽብሩ ከሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል... ነሐሴ ውስጥ ነው አሉ። ሰሜን። በርበሬውን ማን እንዳነሣው አላውቅም።

ጥቅምት 14

አስከሬን የለም። እንባም የለም። ምን ሆኛለሁ? ጎረቤቴ እልፍነሽ፣ «የጀልባው ኮምፔንሳቶ ለኮርኒስ ይሆንሻል፣ ዝናብ ሳይበላው» አለችኝ።

ጥቅምት 27

የቸኮል ጓደኛ ጴጥሮስ ከሀቢቾ መንደር መጣ። ጀልባው ለእነሱ ነበር፣ ጊቤን ለሚሻገሩት። ቸኮል «ዋና የማይችል ጀልበኛ!» እያለ ይቀልድበት ነበር።

«እማማ፣ ልጨርሰው?»

የቀረው ጠርዙ ነው። ኮምፔንሳቶ ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ነው፤ ጠርዙ ኢፖክሲ በሚሉት ሙጫ ካልተደፈነ ውኃ ጠጥቶ ይላቀቃል። ቸኮል ይህን ዝዋይ ተምሮ መጣ። ሲያዋህድ ጣሳ እይዝለት ነበር።

«እኔ እለካለሁ» አልኩት።

ኅዳር 2

ለካሁ። ቀባን።

ኅዳር 5

አልደረቀም። እንደ ማር እጅ ላይ ይጣበቃል። ብርዱ ነው አልን። የቸኮልን ጋቢ አለበስኩት፤ ከሥሩ ፍም አኖርኩ።

ኅዳር 7

ብርዱ አይደለም። እኔ ነኝ። ሁለቱንም እኩል ለካሁ።

«ሁለት እጅ ሙጫ፣ አንድ እጅ ማድረቂያ። ማድረቂያው ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል እንዳትዪ፣ እማዬ!» ብሎኝ ነበር። እንዴት ረሳሁ? ድምፁንስ እንዲሁ እረሳው ይሆን?

የቀረው ሙጫ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህም ከተበላሸ አለቀ፤ ኮርኒስ ይሆናል። ጴጥሮስ አልተቆጣም። «እንፋቀዋ» አለ። ስንፍቅ ዋልን።

ኅዳር 10

ፀሐይ። ሁለት ለአንድ። ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።

ኅዳር 12

በጥፍሬ ነካሁት። ድንጋይ።

ኅዳር 18

ከመርዶው ተቆጥሮ አርባው። ጴጥሮስን «ጸልይለት» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

«እኛ ወንጌላውያን ለሞተ አንጸልይም፣ እማማ... ለእርስዎ ግን እጸልያለሁ።»

አልከፋኝም። ምንም አልተሰማኝም።

ታኅሣሥ 3

ጊቤ ወረድን። ጴጥሮስ ቀዘፈ፤ ሦስት ሴቶች ቅቤያቸውን ይዘው ተሻገሩ። አንዷ «አጥብቀህ ያዝ፣ ቅቤዬ ከአንተ ይበልጣል!» ትለዋለች።

ሲመለስ እጄን ወለሉ ላይ አደረግኩ። ደረቅ። ጠርዙን ዙሪያውን ዳሰስኩ። የተላቀቀ የለም።

ያኔ አለቀስኩ... ከመርዶው ወዲህ ገና አሁን።

ጴጥሮስ አጠገቤ ቆሞ፣ «በተሻገርን ቁጥር ስሙን እንጠራለን። ይህን ማንም አይከለክለንም» አለ።

እነሱ ይጥሩት። ይህ ደብተር እጃችሁ የገባ ግን ጸልዩለት። ክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው። መቃብሩ የት እንደሆነ አልነገሩኝም።