ቀላል ራስ ፍለጋ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ ለአቶ ተሰማ፣ አንኮበር።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ወገብዎ እንደምን አለ? ያ የተሰበረው እግርዎ በብርዱ ይጠዘጥዝዎታል ወይስ ረፍት ሰጠዎት? የአንኮበር ጉም ገለጥ ብሏል? እማማን ሳሉ ለቀቃት? በቅሎዋስ እንደ እኔ እልኸኛ እንደሆነች ናት? እኔም ባለቤቴ ቡልቻም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከድሬዳዋ ፀሐይና ከናንተ ናፍቆት በቀር የሚያቃጥለን ነገር የለም።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልማልልዎ። ራሴን አላመመኝም፤ ከማንም ራስ ጋርም ጠብ የለኝም። ጣጣውን ያመጣው ያ ቴሌግራም ነው። ለጥምቀት አንድ ዕቃ እልካለሁ ብዬ፣ ምን እንደሆነ ሳልናገር፣ ለወንድሜ ለአየነው ቃል ገብቼ ነበር። ሳይደርስልኝ ሲቀር «ራስ ከብዶኛል ቀላል እስኪገኝ ታገሡ ይርገዱ» ብዬ ቴሌግራም መታሁ። ቀን ከሌት የማስበው ስለዚያ ራስ ስለነበር ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ነው። እማማ ልጄ ራሷን ታመመች ብላ የሚካኤልን ጸበል በጠርሙስ ላከችልኝ። እርስዎ ግን አንድ ባለ ማዕረግ ራስ ልጄን ተጫናት ብለው አሰቡ። መቼም በመሬቱ ክርክር ጊዜ በራስ ግቢ በር ላይ ክረምትና በጋ ቆመው፣ ፊቱን ሳያዩ የተመለሱ ሰው ነዎትና አልፈርድብዎትም። አየነው እንደጻፈልኝ፣ ከወደቁ ጀምሮ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ከተኙበት መደብ ብድግ ብለው፣ ከዘራ አምጡልኝ ብለው፣ ካባዎን ደርበው «የትኛው ራስ ነው?» እያሉ እስከ ደጁ በእግርዎ ወጡ። ሳነበው መጀመሪያ ሣቅሁ፤ ቀጥሎ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አለቀስሁ።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። በምሠራበት በምድር ባቡር ቢሮ ሙሴ ሬኔ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ ሙሴ ማለት እኛ ባላገሮቹ ጌታው እንደምንለው ነው። እሑድ እሑድ ባለ አንድ ዓይን የሩቅ መነጽር አሸክሞ ወፍ ሲያይ ይውል ነበር። ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለሠራተኞቹ አደለ። አንዱ ወንበር ወሰደ፣ አንዱ መጋረጃ ወሰደ፤ እኔ መነጽሩን ስጠኝ አልሁት። (እዚህ አገር አንቱታ ብዙ አይታወቅም፣ አለቃውም ሽማግሌውም «አንተ» ነው፤ እንዳይቆጡኝ።) የቢሮው ሰው ሁሉ ሣቀብኝ፤ ምን ልታዪበት ነው፣ ባልሽን? አሉኝ። ይበሉ። እኔ ያሰብሁት እርስዎን ነው።

በትከሻዎ ተሸክመው፣ አጥንት ከሰማይ ጥሎ ቋጥኝ ላይ የሚሰብረውን ያንን ታላቅ አሞራ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ከመንቁሩ ሥር ጢም ስላለው ባለጢሙ ብለን ስም ያወጣንለት እኔና እርስዎ ነን። ባለፈው ክረምት እሱን ሊያዩ ሲወርዱ ከወደቁ ወዲህ «እግሬ ከሄደ ዓይኔ ምን ይሠራል» ማለትዎን ሰምቼ እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ አክስቴ ጥሩሰው ባለጢሙና ሚስቱ ከማዶ ገደል ላይ ጎጆ ሠርተው ሥጋና አጥንት ሲያመላልሱ አየሁ ብላለች። ጎጆ ካለ ጫጩት አለ። ገደሉ ከደጃችን ፊት ለፊት ነው፤ ጫጩቱ ሳይበር ከደጅዎ ቁጭ ብለው እንዲያዩት ነው ምኞቴ።

ግን አባባ፣ መነጽር ሩቁን ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። በእጅ ከያዙት አሞራው እስክስታ ይወርዳል። ስለዚህ በሦስት እግር ላይ ይቆማል። በእግሩና በመነጽሩ መካከል ሆኖ፣ እንደ አንገት ግራና ቀኝ የሚያዞረው፣ ቀና ጎንበስ የሚያደርገው ብረት ነው ራስ የሚባለው። ልጅዎን የከበዳት ራስ ይህ ነው፤ ሌላ የለም።

የሙሴ ራስ ለሲኒማ መቅረጫ የተሠራ ነው። ሲያዞሩት ቅቤ የተቀባ ይመስላል፤ ችግሩ ከመነጽሩ ይልቅ ራሱ ይከብዳል። ሐርላ ድረስ ይዘነው ወጥተን ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ በላይ ካለው ኮረብታ ልንሞክረው ስንል፣ ቡልቻ በትከሻው ተሸክሞ ላብ በላብ ሆነና ወፏ ራሷ መጥታ ብታየን ይሻላት ነበር አለ። ሙሴ ተሸካሚ ነበረው፤ እርስዎ ያለዎት እማማ ናት። ጠዋት አውጥታ፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጣ ማስገባት አለባት። ራሱን ልለውጥ ብል ቡልቻ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብሎ ተረተብኝ። ሦስቱ ጉልቻስ ደኅና ናቸው፣ የከበደው ድስቱ ነው አልሁት። ቴሌግራሙን የመታሁት ያን ሰሞን ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ራስ ፍለጋ ሆነ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ መጋላ በሚሉት የገበያ ሰፈር ውስጥ፣ ሸምሶ የምትባል የሶማሌ ሴት፣ አሮጌ ሬዲዮና ሰዓት የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ከሰዓቶቹ መካከል ሎሚ የምታክል ራስ አገኘሁ። እንደ ጭን አጥንት በጽዋዋ ውስጥ የምትሽከረከር ኳስ ናት፤ አንድ ብሎን ሲፈቱላት ወደፈለጉት ትዞራለች። ቅለቷ አስደስቶኝ ሳልሞክር ይዣት ሮጥሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። ብሎኑን ሳላላው መነጽሩ በአፍንጫው ይደፋል፤ ሳጠብቀው ደግሞ ቀስ እያለ እጅ ይነሣል። አባ ኮዳ የሚሉትን ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ግራር ጫፍ ላይ አነጣጥሬ ዓይኔን ሳስጠጋ የማየው ከግራሩ ሥር የተኛች ፍየል ነው። ሸምሶን ብነግራት አቦ፣ ፍየሏን እዪያ፣ እሷም የአላህ ፍጥረት ናት አለችኝ።

የእኔ እጅ እንደ እርስዎ አይንቀጠቀጥምና እንዴት እንደሚሆንልዎ ማወቅ አልቻልሁም። ጎረቤታችን አሮጊቷ ኑርቶ ግን ስኒ ስትይዝ ግማሹን ለመሬት ነው የምታጠጣው። አንቺ እዪልኝ ብዬ ለመንኋት። በዚያች ኳስ መጀመሪያ ሰማይ አየች፣ ቀጥሎ አሸዋ አየች፤ ዓለም ተገለበጠች ብላ ሸሸች። ለእርስዎም እንዲሁ ሊሆን ነው ብዬ ያን ቀን ተስፋ ቆረጥሁ።

ከቡልቻ ጋር ፎቶ ልንነሣ ዓብዲ ዘንድ የሄድን ዕለት ነው ነገሩ የተገኘው። ዓብዲ የመጋላ ፎቶ አንሺ ነው። ከካሜራው ሥር አንድ ራስ አየሁ፤ አሉሚኒየም፣ ረጅም እጀታ ያለው፣ ሁለት ነገር ብቻ የሚያውቅ፤ ቀና ጎንበስና ግራ ቀኝ። ለእያንዳንዱ የየራሱ ብሎን አለው። ዓብዲ ወደ ካሜራው እዪ እያለ ይጮኻል፣ እኔ ወደ ታች አያለሁ። በላክሁልዎ ፎቶ ላይ ዓይኔ የተንሸዋረረ የመሰለው ለዚህ ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለብኝም። ራሱን ስጠኝ ብዬ ብለምነው፣ ወላሂ ሱቄን ጠይቂኝ ይህን ግን አትጠይቂኝ አለ። እንግዲያው ለአንድ ከሰዓት ይዘኸው ደቻቱ ና፣ አንተም እይ አልሁት። የማየት ነገር ያስጎመጀዋልና መጣ።

ከባዱንም ቀላሉንም ጎን ለጎን አቆምናቸው። መነጽሩ ወደ ፊት ሲያደላ ቡልቻ ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት አስገብቶ ወደ ኋላ ገፋ አደረገውና ሚዛኑን ጠበቀ። ኑርቶን በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣ ስታይ አባ ኮዳው እንደገና ዘለለ። ይሄኔ ዓብዲ እጀታዬን ልትሰብረው ነው ብሎ ፈርቶ ልቀቂው! ብሎ ጮኸ። ደንግጣ ለቀቀችው። ራሱ ግን በተወችበት ቀረ፤ አልተደፋም፣ እጅም አልነሣ። ኑርቶ ዓይኗን ከመነጽሩ አስጠጋች። ቆይታ ቆመልኝ አለች፤ ቆመልኝ፣ ዓይኑን ሲከድን አየሁት አለች። ሁለት እጇ ጭኗ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ አባ ኮዳው ግን አልተንቀጠቀጠም። አባባ፣ ያን ጊዜ የታየኝ የእርስዎ እጅ ነው።

ዓብዲ እጀታው መትረፉን አይቶ እኔም ልይ አለ፤ እስከ ዐስር ሰላት የአዛን ጥሪ ድረስ ከመነጽሩ አልነቃነቅ ብሎን ነበር። የሱ ደንበኞች አትንቀሳቀሱ ሲባሉ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይህ ወፍ ግን ማንም ሳያዘው ቆመለት። ሲነሣ ያንን የሙሴን ከባድ ራስ በእግሩ ገፋ አደረገው፤ ንቅንቅ አላለም። ለካ የሱ ካሜራ ከሱቅ አይወጣም፤ ሙሽሮችና ሕፃናት እየተጋፉ ነው የሚያስቸግሩት፣ የሚፈልገው የማይነቃነቅ ነው። ለእኔ ሸክም የሆነብኝ ለሱ በረከት ሆነለትና ተለዋወጥን። ሽማግሌው ያዩትን ይጻፉልኝ ብሎ አደራ ብሏል። ጫጩቱም ጢም ይኑረው አይኑረው ማወቅ ይፈልጋል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም።

መነጽሩን ቡልቻ በባቡር እስከ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፣ አየነው ከለገሃር ይቀበለዋል። እግሮቹን ዝቅ አድርጎ በበርጩማዎ ልክ ያቁመው፤ ከፍ ካለ የአንኮበር ነፋስ ያወዛውዘዋል። ብሎኖቹን እጅግ አያጥብቃቸው፣ ለዘብ ያድርጋቸው። ገደሉ ላይ ኩሳቸው ያነጣው መስመር አለ፣ ጎጆው ከሱ በላይ ነው የሚሆነው። እርስዎ በእጀታው ይፈልጉት፤ ሲያገኙት እጅዎን ይልቀቁና ይዩ።

እማማን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ጸበሉን እኔ ጠጣሁት፣ የተረፈውን ለመነጽሩ ራስ ረጨሁለት ይበሉልኝ። አክስቴን ጥሩሰውን፣ ገደሉን ከዓይኗ እንዳታጠፋ ይንገሩልኝ። አየነውን ከነሚስቱ፣ ሲሸከመው እንዳይጥለው እያስጠነቀቅሁ ሰላም ብያለሁ። በቅሎዋንም አንገቷን ያሻሹልኝ።

አባባ፣ አንድ ስጋት አለኝ። ጠብ እንደሌለ ሲያነቡ፣ ለካ ምንም አይደለም ብለው ወደ መደብዎ እንዳይመለሱብኝ ፈራሁ። የትኛው ራስ ነው ብለው ጠይቀው ነበርና እነሆ ራሱን ልኬልዎታለሁ። እርስዎ በጎልማሳነትዎ የራስ ደጅ ጠኑ፤ አሁን ራስ መጥቶ የእርስዎን ደጅ ይጠናል። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆማል። ቀና በል ቢሉት ቀና፣ ጎንበስ በል ቢሉት ጎንበስ ይላል። እንደዚያኛው ጌታ አያስቁሙት፤ ይውጡለት።

ልጅዎ ይርገዱ ተሰማ
ድሬዳዋ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.